የእናቴ ፍርሃት ወደ ልጄም ይሄዳል?

ጥያቄ (የልጅ እናት)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠን ሳለ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝ። «ወራጅ አለ» ብዬ መንገድ ላይ ወረድኩ። ልቤን ተመርምሬ ደህና ነሽ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ደገመኝ። እናቴንም እንዲህ ያደርጋት ነበር፤ «ድንጉጥ ናት» እየተባለች ኖረች። የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። በዘር ነው? እሷንስ ይይዛት ይሆን?

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦
አይዞሽ እህቴ። የነገርሽን ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ከባድ የሽብር ስሜት) ይመስላል። በብዛት 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። አንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ አሚግዳላ የሚባሉ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ክፍሎች አሉ። አደጋ ያለ ሲመስላቸው፣ አስበሽ ሳትጨርሺ ሰውነትሽን ለሩጫ ያዘጋጁታል። አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል። ጣትሽን ያደነዘዘው ቶሎ ቶሎ መተንፈስሽ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም የእንቅርት ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ፤ ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። ቡና ካልቀረልሽ አቦሉን ዝለይና ከቶናው ጀምሪ።

መልስ (የባዮሎጂ መምህር)፦
የዘሩን ነገር እኔ ልመልስ። መንትዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በጭንቀት ሕመሞች በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር ይያያዛል። ይህ ግን ልጅሽን የመያዝ ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «የፍርሃት ጂን» የሚባል አንድ ጂን የለም፤ ትንሽ ትንሽ የሚገፉ ብዙ ጂኖች ናቸው። የወላጅ ሕመም አደጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች አይያዙም።

አሚግዳላም ብቻዋን አይደለችም። በሳይንስ ጽሑፎች ኤስ ኤም እየተባለች የምትጠራ አሜሪካዊት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ ተጎድተውባታል። እባብ ሳትፈራ በእጇ ይዛለች። እንደ አውሮፓውያን በ2013 በወጣ ጥናት ግን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ስትስብ ሽብር ያዛት። ስለዚህ አየር ሲያጥር «ታፈንኩ» የሚለው የሰውነት ማንቂያ ከአሚግዳላ ውጭ ሌላ ቦታም አለ።

መልስ (ያለፍኩበት)፦
እኔ 2 ዓመት ታክሲ ትቼ በእግሬ ሄጃለሁ። ጥፋቴ እሱ ነበር። በወረድኩ ቁጥር አንጎሌ «መውረዴ ነው ያዳነኝ» ብሎ ያዘ። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሆኜ፣ በር አጠገብ ተቀምጬ መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሁለት ሞከርኩ። ቁም ነገሩ እስኪበርድ አለመውረድ ነው። የድሮው ፍርሃት አይፋቅም፤ አዲስ ትምህርት ከላዩ ይደረባል። ለዚህ ነው ክረምት ላይ መስኮት ሲዘጋ አንዴ የተመለሰብኝ። ያኔም ተቀምጬ አሳለፍኩት። ጸበሌንም አልተውኩም።

የልጅ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ምርመራውን አደርጋለሁ። እሁድ ታክሲው ሲቀልል በር አጠገብ እሞክራለሁ። እናቴ ጋ ደውዬም ነገርኳት። «ለካ ስም አለው?» አለችኝ።