ጅማ ላይ ለፔንሲዮን የሚሆን ስዊች (የኔትወርክ ገመድ ማከፋፈያ ሣጥን) እና ገመድ በደንብ የሚዘረጋ ሰው ጠቁሙኝ

ጠያቂዋ፦ ሰላም ጅማዎች። አጂፕ አካባቢ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን አለን። 24 ክፍል፣ 10 ካሜራ፣ ካሸር ጋ አንድ ኮምፒውተር። እንግዳ ሁሉ ሲወጣ የሚለው አንድ ነው፦ «ዋይፋያችሁ አይሠራም»። የኢንተርኔት ፓኬጁን ሁለቴ አሳደግን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሁለት ባለሙያ ጠራሁ። አንዱ «ባለ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ሲስኮ ስዊች ግዢ» አለኝ፣ ሌላው «በየፎቁ ትንንሽ ስዊች ይበቃሻል»። ማንን ልመን? ከጅማ ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ገመድ ዘርጊው፦ እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፕ ያዢና ራውተሩ ላይ በኬብል ሰክተሽ ፍጥነቱን ለኪ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ውጪና እዚያ ያለው ስዊች ላይ ሰክተሽ ድገሚው። ታች ደህና ሆኖ ላይ ከሞተ፣ ጥፋቱ የቤትሽ ነው፤ ፓኬጅ ብታሳድጊ ብር መጣል ነው።

እዚህ ከተማ በገባሁበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል የማየው ያንኑ ነው። ስዊች ከስዊች፣ እሱ ደግሞ ከሌላ ስዊች ተንጠላጥሎ። የላይኛው ፎቅ ትራፊክ በሙሉ የመካከለኛውን ጨምሮ በአንድ ገመድ ይወርዳል፤ ያቺ ገመድ ደግሞ የተሰካችው በሰከንድ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ የማያሳልፍ ፖርት ላይ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ይልካል ብለን እንያዝ። 10 ካሜራ 40 ሆነ፤ ይሄ ቀን ሌሊት አያርፍም። መቅረጫው ካሜራዎቹ ከተሰኩበት ስዊች ርቆ ካሸር ጋ ከተቀመጠ፣ እንግዳው ገና ስልኩን ሳይከፍት 40ው ተበልቷል። ስለዚህ መቅረጫውን ካሜራዎቹ ያሉበት ስዊች ላይ ስኪው። የካሜራው ትራፊክ እዚያው ገብቶ እዚያው ይወጣል፣ የእንግዳውን መንገድ አይነካም። ይሄ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛው ሰውዬ አልተሳሳተም፤ ትንንሽ ስዊች በየፎቁ ይሆናል። ግን እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ገመድ ኖሮት በቀጥታ ታች ዋናው ስዊች ላይ ይግባ፤ ሁሉም ጌጋ (1000 ሜጋ) ይሁኑ። ሱቅ ስትገቢ ተጠንቀቂ፦ የቲፒ-ሊንክ ኤስጂ108 እና ኤስኤፍ1008 ሁለቱም ባለ 8 ፖርት ናቸው፤ ሻጩም «ያው ነው» ሊልሽ ይችላል። ያው አይደለም። የመጀመሪያው 1000 ሜጋ፣ ሁለተኛው 100 ነው። መግለጫው ላይ 16 ጌጋ ካለ ትክክል ነው፤ 8 ፖርት፣ እያንዳንዱ 1 ጌጋ ገቢ 1 ጌጋ ወጪ። 1.6 ካለ መልሺው።

ከሂርማታ፦ እኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ሥራ ፈትቻለሁ። ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፣ ፕሪንተሩ እንኳ ከኮምፒውተር አልገናኝ አለ። ቴክኒሺያን መጥቶ ራውተር ቀየረልኝ፣ ብሩን ተቀበለ፣ ሄደ። ያው ነው። በመጨረሻ አንድ የግቢ ተማሪ መጣና ስዊቹን ዝም ብሎ ተመለከተው። መብራቶቹ በሙሉ እኩል ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ እንደ ሠርግ ቤት። አንድ ገመድ ሳበና ነቀለ፤ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ለካ የምታጸዳልን ልጅ መሬት የወደቀ የኬብል ጫፍ አግኝታ «ወልቆ ነው» ብላ ሰክታው ነበር። ሌላው ጫፍ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነው! ለደግ ብላ።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ ያ «ሉፕ» ይባላል። ስዊች ለሁሉም የተላከን ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሁሉም ይለቀዋል። ዞሮ መመለሻ ካገኘ ያው ፍሬም ይዞራል ይዞራል፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥሮ የሚያስቆመው ነገር ፍሬሙ ላይ የለም። መፍትሔው የቆየ ነው፤ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን፣ ሉፕ አግኝቶ የሚዘጋ ዘዴ ራዲያ ፐርልማን የሠራችው በ1985 ነው (በፈረንጆቹ)። ግን ርካሾቹ ስዊቾች ውስጥ የለም። ጥቂት ብር ጨምረሽ ኤስጂ108ኢ ብትወስጂ ሉፕ መከላከያ አለው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ መከላከያው መከፈቱን አረጋግጪ። ቪላንም (አንዱን ስዊች ለተለያዩ ኔትወርኮች መክፈያ) ስላለው የካሸሩን ኮምፒውተር ከእንግዳው ዋይፋይ መለየት ትችያለሽ። ራውተሩም ቪላን የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የለየሽውን ከኢንተርኔት ዘጋሽው ማለት ነው።

ያገለገለ ሲስኮ 2960 ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በብዛት የሚገኘው ባለ 24ቱ ሃያ አራቱም ፖርት 100 ሜጋ ሆኖ ሁለት ብቻ ጌጋ ያለው ነው። በትእዛዝ መስመር የሚያዋቅር ሰው ይፈልጋል፣ አየር ማራገቢያውም ይጮኻል። ለአንቺ አልመክርም።

ከቆጪ፦ ካሜራዎቹ ኃይል የሚያገኙት በኬብሉ ከሆነ የፒኦኢውን (በኬብል ኃይል የሚሰጠው ስዊች) ጠቅላላ ዋት ጠይቂ። የእኛ ቀን ቀን ይሠራና ልክ ሲመሽ ሁለት ሦስቱ ይጠፋሉ። ጂኒ ነው ያልንበት ጊዜ ነበር። ሲመሽ የሌሊት ማያ መብራታቸው ስለሚበራ ዋት ይጨምራሉ፤ ስዊቹ ደግሞ አይችልም። 8 ፖርት ፒኦኢ አለው ማለት ለስምንቱም የሚበቃ ዋት አለው ማለት አይደለም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግዢውስ? ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤትም ገመድ ይፈልጋል።

ገመድ ዘርጊው፦ ተራ ጌጋ ስዊች ከጅማ ግዢ። 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ተልኮ የተበላሸ ቢወጣ ማን ይመልስልሻል? ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕሽን ሰክተሽ 1 ጌጋ ማለቱን እዪ፣ ደረሰኝ ያዢ። ፒኦኢው በምትፈልጊው ዋት ካልተገኘ ብቻ ከአዲስ አበባ አስመጪ። ኬብል ላይ ግን አትቆጥቢ። ጫፉን ቆርጠሽ ሽቦውን በምላጭ ፋቂው፤ ከውስጥ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተይው።

ለሰርቪስ ቤቱ የመዳብ ኬብል በጓሮ እንዳታሳልፊ። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ አንድ መብረቅ አጠገብ ቢወድቅ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች ሊጨርሰው ይችላል። ፋይበር (መረጃ በብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ገመድ) እና በየጫፉ አንድ፣ ፋይበሩን ከመዳብ ገመድ የሚያገናኝ መለወጫ ይበቃል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ባለሙያው ማንም ይሁን፣ ቴስተር (የኬብል መፈተሻ) ሳይዝ ከመጣ መልሺው። የሁለቱንም ጫፍ ቁጥር ጽፎ ይለጥፍ፣ እያንዳንዱን መስመር ፊትሽ ይፈትሽ። በነጥብ (በእያንዳንዱ መሰኪያ) ይሁን በቀን የሚያስከፍለው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ለካሁት። ታች 46 ሜጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ 3። ገመዱን እየተከተልኩ ወረድኩና ሁለተኛ ፎቅ የአንሶላ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ እንደ ዳቦ የጋለ አንድ ስዊች አገኘሁ። ጀርባው ላይ ኤስኤፍ ይላል። ማን እንዳስገባው የሚያውቅ ሠራተኛ የለም።