ልጄ ባጃጅ ውስጥ መግባት አቃተው፣ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ???

የአዘዞ እናት፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ሚኒባሱ ስለቀረ ከሰኞ ጀምሮ ልጄ ትምህርት ቤት በባጃጅ ነው የሚሄደው፣ በሩ ጋ ይደርስና ይቆማል፣ አንድ እግሩን ያነሳል መልሶ ያወርዳል፣ ብረቱን ይይዛል ይለቃል፣ ግባ ስለው እሺ ይላል ግን አይገባም። ዛሬ ከኋላ ክላክስ ሲደረግ ጭራሽ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ ነገም እንዲህ ከሆነ አልመጣም ብሎኛል። 1:30 ላይ ነው የሚመጣው

የማራኪ ልጅ፦ ዕድሜው ስንት ነው? የታወቀ ነገር አለበት?

የአዘዞ እናት፦ 8 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ የትኩረት ችግርም አለ ተብሏል። መራመድ መሮጥ ይችላል፣ እግሩ ደህና ነው

አባ መላ፦ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አይሆኑም፣ ወይ ኦቲዝም ነው ወይ ትኩረት ማጣት። እግሩ ደህና ከሆነ ደግሞ እልህ ነው። ጠንከር በይበት እህቴ፣ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው

ፊዚዮ ጎንደር፦ አባ መላ፣ ያ የድሮ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች የሚመሩበት መጽሐፍ ሁለቱን ለአንድ ልጅ አብሮ መስጠት ይከለክል ነበር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ግን ተነስቷል። እልህ የያዘው ልጅ እሺ ብሎ እግሩን አያነሳም። እዚህ ልጅ ላይ የጠፋው ጉልበት አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው፤ የቱ እጅ የቱን ይያዝ፣ የቱ እግር ይቅደም፣ ጭንቅላት መቼ ዝቅ ይበል የሚለው። እኛ ሳናስበው እንሠራዋለን፣ እሱ ግን እያንዳንዱን ማቀድ አለበት፣ ትኩረቱ መሃል ላይ ከተሰረቀ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ትኩረት ማጣት ካለባቸው ልጆች እስከ ግማሽ የሚሆኑት እንቅስቃሴ የማቀናጀት ችግር አብሯቸው ይኖራል። ሚኒባሱን ለምዶት ነበር፣ ባጃጅ ለሱ ሌላ ሥራ ነው

እመ ብርሃን፦ ጠበል ውሰጂው እታለም፣ እመቤቴ ትርዳሽ

የማራኪ ልጅ፦ ጠበሉም ይሁን፣ ባጃጁ ግን ነገ ጠዋት ነው 🙏 ዋናው ልምምድ ነው፣ ደጋግማችሁ ተለማመዱ

ባለ ባጃጅ፦ ልጁ ብልህ ነው፣ አነዳዳችንን አይቶ ነው የፈራው 😂 ከምሬ ግን፣ ለሹፌሩ ዛሬ ማታ ደውዪለት። ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አስጠግቶ ያቁም፣ ያኔ መውጫው ዝቅ ይላል፣ ሞተሩን ያጥፋ፣ ሁልጊዜ እዛው ቦታ ይቁም። ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ከኋላው ክላክስ የሚያደርግ አይኖርም። ተጨማሪ ካስከፈለ ክፈይው፣ ጊዜያችን ነው የምንሸጠው

ሰላም ነኝ፦ አዎ ልምምድ ነው። ይለማመድ

የሁለት ልጆች እናት፦ ተለማመዱ ተለማመዱ አትበሉ፣ እንዴት እንደሆነ ንገሯት እንጂ! የኔ ልጅ ላይ የሠራው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ነገ ሁሉንም አንቺ አግዢው፣ እጁን ብረቱ ላይ አድርጊለት፣ ቀኝ እግሩን አንስተሽ አስገቢለት፣ መጨረሻ ላይ መቀመጡን ብቻ ራሱ ያድርግ። እሱን ሲችል ሁለተኛውን እግር መሳብ ትተዪለታለሽ፣ እንዲህ እያልሽ ወደ ኋላ። ሁሌም ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ስለሆነ ደስ ይለዋል። ደግሞ ወሬ ቀንሺ! "እጅ፣ እግር፣ ቁጭ" በቃ፣ በየቀኑ እነዚሁ ቃላት። ካልሽ በኋላ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ሲዘገይ ሌላ ዓረፍተ ነገር ከጨመርሽ ያሰበው ይበተንበታል። ለምን አልገባህም ብለሽ አትጠይቂው፣ እሱም አያውቀውም

አባ መላ፦ እንዲህ ከተሞላቀቀ ሁሌም ታግዢዋለሽ

ፊዚዮ ጎንደር፦ እገዛው እየቀነሰ ነው የሚሄደው እኮ ጋሼ፣ ነገሩ እሱ ነው። እህቴ፣ ነገን ከተሻገርሽ በኋላ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መልበስ ያለ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምድ ሕክምና) ጠይቂ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን ስለጀመረ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድሽ በፊት እዚሁ ሆስፒታሉ ጋ ጠይቂ። ልብስ መልበስና ደረጃ ላይም እንዲህ ይሆናል?

የአዘዞ እናት፦ ሹራብ ሲለብስ ልክ እንደዚሁ ነው!! ሁሌ ስንፍና ነው ይሉኛል። ለሹፌሩ ደወልኩ፣ 1:15 እመጣለሁ ሞተርም አጠፋለሁ ብሏል

የሁለት ልጆች እናት፦ ጎበዝ። የደብተር ቦርሳውን አንቺ ያዢለት፣ ጀርባው ላይ ካለ በሩ ላይ ይይዘዋል። ከተቀመጠ በኋላ ስጪው

ሰላም ነኝ፦ ባጃጅ ከአዘዞ ፒያሳ አሁን ስንት ነው ኮንትራት?