ለተጎታች ማደሪያ ባትሪ፦ ጄል ልድገም ወይስ ሊቲየም ልግዛ?

ሰላም ናችሁ፣ ባትሪ የምታውቁ አማክሩኝ። በፒካፕ የሚጎተት ማደሪያ ነው፤ መብራት በሌለበት ሁለት ሁለት ሌሊት ይታደርበታል፣ አንዴ ሐይቅ ዳር፣ አንዴ ላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ። ፍጆታው በቀን 600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 360ው የፍሪጅ ብቻ ነው (45 ዋት፣ ሞተሩ በቀን 8 ሰዓት ያህል ይሠራል)፤ የቀረው አምፖል፣ ስልክና ላፕቶፕ። በ12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት መሆኑ ነው።

ያለው አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ጄል (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት) ነው። ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ዳመና ከዋለ ለሁለተኛው ሌሊት አይተርፍም። ሁለት ጄል ልግዛ ብል ክብደቱ ብቻ 60 ኪሎ ይጠጋል፤ ለላስታ ዳገት ደግሞ ሸክም ነው። ባለ 100 ሊቲየም (የብረት ፎስፌቱ) 12 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከ80 በላይ ይሰጣል።

የጨነቀኝ ብርዱ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ሊቲየም ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ከገባበት ይበላሻል፤ የሶላር ፓኔሉ ደግሞ ባትሪው ሳይሞቅ ገና በማለዳ ፀሐይ እንደነካው ቻርጅ ይጀምራል። ከውጭው ሳጥን አውጥቼ አልጋ ሥር ባደርገው ይበቃል ወይስ የግድ ማሞቂያ ያለው ይሁን?

ሌላው፣ ሊቲየም ብዙ አምፔር ስለሚስብ የመኪናው ዲናሞ እንዳይቃጠል ባለ 30 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን አምፔር የሚገድብ) መሃል ላስገባ ነው። የሶላር ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ የሚመጣውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው) ግን የጄል ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ 14.1 ቮልት ላይ ይቆማል። በዚሁ ልቀጥል ወይስ እሱም ይቀየር?