አፑ «ክፍት ነው» ይላል፣ ቻርጀሩ ግን አይሰጥም፦ ጥፋቱ የጣቢያው ነው የመኪናው?

መንገደኛ፦

ሰላም ቤቶች። በኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ቻርጅ ጣቢያዎች ላይ ሁለት ነገር አልገባ ብሎኛል። አንደኛው፣ አፑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ «ክፍት» የሚል ቻርጀር ሲሰካ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያንጎራጉርና ስህተት ጽፎ ይቆማል። ነቅለው ሲያዩት ተመልሶ «ክፍት» ነው። ሁለተኛው፣ ላዩ ላይ 120 ኪሎዋት የተጻፈበት ማሽን 40 ሰጥቶ ከዚያ በላይ ንቅንቅ አይልም። መኪናው ባለ 400 ቮልት ባትሪ ነው፣ ሶኬቱ ሲሲኤስ 2 (የአውሮፓው የፈጣን ቻርጅ ሶኬት)፣ ቤት ውስጥ በዝግታ ሲሞላ አንድም ቀን እምቢ አይልም። እንግዲህ ጥፋቱ የጣቢያው ይሁን የመኪናው በምን ይለያል? «ሌላ ጣቢያ ሞክር» ከሚለው የተሻለ መልስ ያላችሁ እባካችሁ።

ባለሞጁል፦

ከ«ክፍት» ልጀምር፤ ትልቁ አለመግባባት ያለው እዚያ ነው። ቻርጀሩ ከኔትወርኩ ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው ኦሲፒፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። በየተወሰነ ደቂቃ «አለሁ» የምትል አጭር መልእክት ይልካል፤ ራሱ ያወቀው ብልሽት ከሌለና ፕለጉ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሁኔታውን «ክፍት» ብሎ ያስመዘግባል። አፑ የሚያሳይህ ይህንኑ ነው። አረንጓዴ ማለት ማሽኑ መብራት አለው፣ ሲም ካርዱ ይሠራል፣ መኪና አልተሰካበትም ማለት ነው። ኮንታክተሩ (ሲዘጋ ኃይል የሚያስተላልፈው ትልቅ ማብሪያ) ይዘጋል፣ ሞጁሉ (ማሽኑ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ኃይል ያወጣል፣ የፕለጉ ፒን አልተቃጠለም ማለት ግን አይደለም። እነዚህን ማሽኑም የሚያውቃቸው መኪና ተሰክቶ ሲሞክር ነው። ሞክሮ ሲያቅተው ስህተት ይጽፋል፤ ፕለጉ ሲነቀል ብዙዎቹ ስህተቱን ሰርዘው እንደገና አረንጓዴ ይሆናሉ። ያየኸው እሱን ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በ2022 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ አካባቢ በ181 ጣቢያዎች ያሉ 657 የሲሲኤስ ፕለጎች አንድ በአንድ እየተሄደባቸው ተፈትሸው ነበር። የሠሩት 72.5 በመቶ ናቸው። በ4.9 በመቶው ላይ ማሽኑ ሳይሆን ኬብሉ አጥሮ ከመኪናው ሶኬት አልደረሰም። የቀሩት ወይ ስክሪናቸው አይመልስም፣ ወይ ክፍያ አይቀበሉም፣ ወይ ቻርጅ አይጀምሩም፣ ወይ ፕለጋቸው ተሰብሯል። ኩባንያዎቹ በዚያን ጊዜ ሪፖርት የሚያደርጉት ግን ማሽኖቻቸው ከ95 እስከ 98 በመቶውን ጊዜ እንደሚሠሩ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም፤ የለኩት የተለያየ ነገር ነው።

ደንቦቹንም ስታያቸው ቀዳዳ አላቸው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በ2023 በመንግሥት ገንዘብ የሚተከል እያንዳንዱ ፕለግ 97 በመቶውን ጊዜ እንዲሠራ አዘዘ። 3 በመቶው በዓመት 263 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ወደ 11 ቀን ነው፤ የመብራት መቋረጥና የታቀደ ጥገና ደግሞ ሳይቆጠሩ። ብሪታንያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ደንብ ለፈጣን ቻርጀሮች 99 በመቶ ትጠይቃለች፤ ጥሩ ይመስላል፣ ግን የሚሰላው በጠቅላላው ኔትወርክ አማካይ ነው። መቶ ፈጣን ቻርጀር ያለው ኩባንያ አንዱ ዓመቱን ሙሉ ሞቶ ቢከርም፣ ሌሎቹ ከሠሩ መስፈርቱን ያሟላል። ያቺ አንዷ ያንተ መንገድ ላይ ያለችው ከሆነች ምን ይጠቅምሃል?

ስለዚህ ቀለሙን ትተህ የመጨረሻው የተሳካ ቻርጅ መቼ እንደነበርና ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሰጠ የሚያሳይ አፕ ፈልግ። ዛሬ ጠዋት 30 ኪሎዋት ሰዓት የሰጠ ፕለግ ይሠራል። ሰው በሚበዛበት ጣቢያ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልሞላበት ፕለግ አረንጓዴ ቢሆንም አትመነው። ከአንድ ደቂቃ በታች የሆኑ ሙከራዎች ተደርድረው ካየህማ ጨርሶ አትሂድ።

ፊውዝ፦

ግማሽ ደቂቃው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ካወቅህ የት ላይ እንደቆመ ከውጭ መለየት ትችላለህ። በሲሲኤስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ስትሰካ የፓይለት ሽቦው (መኪናውና ማሽኑ ምልክት የሚለዋወጡበት ቀጭን ሽቦ) ቮልቴጅ ከ12 ወደ 9 ይወርዳል፤ ማሽኑ በዚህ መኪና መምጣቱን ያውቃል። ቀጥሎ በዚያው ሽቦ ላይ የዳታ ግንኙነት ይከፈታል። ከዚያ ፈቃድና ክፍያ ይጣራል። መኪናው ፕለጉን ይቆልፋል፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያ ነው። ከቁልፉ በኋላ የመኪናው ኮንታክተር ገና ክፍት እያለ ማሽኑ ኬብሉ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለቆ ወደ ኧርዝ የሚያፈስ ነገር መኖሩን ይለካል። አልፎ ከሆነ ቮልቴጁን ከባትሪው ጋር ያስተካክላል፣ መኪናው ኮንታክተሩን ይዘጋል፣ አምፔሩ መውጣት ይጀምራል።

«ቀጭ» ሳይል ከቆመ ነገሩ ግንኙነት ወይም ክፍያ ነው። ወፍራም ኬብል በክብደቱ ፕለጉን ወደ ታች ስለሚጎትተው ትንንሾቹ ፒኖች በግማሽ ይነካሉ። በአንድ እጅ ከሥር ደገፍ አድርገህ፣ ወደ ሶኬቱ ገፋ አድርገህ እስኪቆለፍ ያዘው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ «የተበላሸ» ማሽን በዚህ ይነሣል። የዳታ ግንኙነቱ ካልተከፈተ ደግሞ ነቅለህ መኪናውን ቆልፈህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተወው፤ የመኪናው ሞደም (ያን ዳታ የሚያነጋግረው ክፍል) እስኪተኛ ማለት ነው። ወዲያው ወዲያው መሰካት ያንኑ ስህተት ይደግማል። ከመሰካትና ከመክፈል የትኛው እንደሚቀድም ማሽኑ ስክሪን ላይ የጻፈውን ተከተል። ቀድመህ ሰክተህ ካርድ ስትፈልግ ከቆየህ መኪናው መጠበቅ ሰልችቶት ይዘጋል።

ከ«ቀጭ» በኋላ፣ አንድም አምፔር ሳይወጣ ከቆመ የኢንሱሌሽን ልኬቱን፣ ማለትም ያን ወደ ኧርዝ የሚያፈስ ነገር የሚፈልገውን ፍተሻ፣ ጠርጥር። ዝናብ የገባበት ፕለግ፣ መኪና የሄደበት ኬብል፣ ወይም በመኪናው በኩል ውሃ የገባበት የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከወረደ ወይም ከቆመ ፒኑ ሞቋል። በ200 አምፔር አንድ ሚሊ ኦም ብቻ ብትጨምር 40 ዋት ሙቀት በአንዲት ፒን ላይ ነው። ፕለጉ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር አለ፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማሽኑ ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። ከመሰካትህ በፊት ሁለቱን ትልልቅ ፒኖች እያቸው። ቡናማ የሆነ ወይም ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ የቀለጠ ካለ አትሰካው፤ የመኪናህንም ሶኬት ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ላርምህ፦ ቤት መሥራቱ መኪናውን ነፃ አያወጣውም። ቤት ስትሰካ የዳታ ንግግር የለም። የፓይለቱ የምት ስፋት ስንት አምፔር እንደሚፈቀድ ይነግራል፣ የቀረውን መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ይሠራዋል። ፈጣኑ ደግሞ ሌላ ሞደም፣ ሌላ ኮንታክተር፣ ሌላ ፒን ነው። ማጣሪያው ይህ ነው፦ በሁለት የተለያዩ አምራቾች ማሽን ላይ እዚያው ደረጃ ላይ ከቆመ መኪናው ነው። አንዱ ላይ ቆሞ ሌላው ላይ ከሠራ ጣቢያው ነው። ከአንድ ማሽን የወጡ ሁለት ፕለጎችን መሞከር ግን እንደ ሁለት አይቆጠርም።

ቮልትና አምፔር፦

የ40ውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የጠቅላላው ጉልበት ነው። ውስጡ በሞጁል የተሠራ ነው፤ ለምሳሌ ስድስት ባለ 20 ኪሎዋት። ሁለት ፕለግ ካለውና ጎረቤት ከተሰካ ሦስት ሦስት ይካፈላሉ፣ 60 ይደርስሃል። የረቀቀው ማሽን ጎረቤትህ 95 በመቶ ደርሶ 10 ኪሎዋት ብቻ ሲወስድ የተረፉትን ሞጁሎች ወደ አንተ ያዞራል፤ ርካሹ ግን ጎረቤቱ እስኪነቅል ድረስ እኩል እንደተካፈለ ይቀራል። ከሦስቱ አንዱ ሞጁል ከሞተ 60ው 40 ይሆናል። ያንተ ቁጥር ከዚህ ጋር ቢገጥምም በቁጥሩ ብቻ አትፍረድ።

ብቻህንም ብትሆን የኬብሉ ወሰን አለ። ያለ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ኬብል ብዙ ጊዜ 200 አምፔር ነው። ባትሪህ 370 ቮልት ላይ ከሆነ 200 በ370 ሲባዛ 74 ኪሎዋት። በዚያ ኬብል 120 በምንም ተአምር አታገኝም፤ ያን ቁጥር የሚያዩት ባለ 800 ቮልቶቹ ናቸው። (እነሱ ደግሞ በ500 ቮልት የሚያበቃ አሮጌ ማሽን ላይ ሲቆሙ መኪናው ውስጥ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ከሌላቸው ጭራሽ አይሞሉም።)

አሁን ወሳኙ፦ ኪሎዋቱን ብቻ አትይ፣ ስክሪኑ ላይ ቮልትና አምፔሩን አምስት ደቂቃ ተከታተል። ባትሪው ከ20 እስከ 40 በመቶ ይሁን፣ ከመንገድ የገባና የሞቀ ይሁን፣ ጎረቤት አይኑር።

አምፔሩ አንድ ቁጥር ላይ ተቸንክሮ ቮልቱ ሲጨምር ኪሎዋቱም በትንሹ የሚጨምር ከሆነ፣ የያዘህ የአምፔር ወሰን ነው፤ ወይ ኬብሉ፣ ወይ መኪናው የጠየቀው ጣሪያ። ኪሎዋቱ 40 ላይ ተቸንክሮ ቮልቱ ከ370 ወደ 390 ሲወጣ አምፔሩ ከ108 ወደ 103 ዝቅ የሚል ከሆነ የሞጁሎቹ ጉልበት አልቋል፤ ማሽኑ ነው። አምፔሩ በደረጃ፣ ቁልቁል እየዘለለ የሚወርድ ከሆነ የመኪናው የቻርጅ ኩርባ ነው፣ ማለትም ባትሪው በሞላ ቁጥር መኪናው የሚጠይቀውን ኃይል እየቀነሰ ነው፤ ከ80 በመቶ በላይ ይህ ጤና ነው፣ ቅሬታ አያስፈልገውም። ባትሪው ቀዝቅዞ ከሆነ ደግሞ መኪናው ራሱ ትንሽ ይጠይቃል፤ በተለይ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ከ10 ዲግሪ በታች በጣም ይቆጥባል። መኪናህ ወደ ቻርጀር ስትነዳ ባትሪውን የሚያሞቅ ከሆነ መድረሻውን ናቪጌሽኑ ላይ አስገባ፤ ብዙዎቹ ሳታስገባ አይጀምሩም።

አንድ የሚረሳ፦ ማራገቢያው። ሞጁሎቹ አየር እየሳቡ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ሞጁሉ ሞቆ ራሱን ይቀንሳል። ማሽኑ እንደ አውሮፕላን እያገሣ 35 እና 40 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጠዋት በብርድ ግን የተሻለ ከሆነ፣ ማጣሪያው ሳይጸዳ ከርሟል።

ኬብል ጎታች፦

ጠያቂውን ባይመለከትም፣ በአዳፕተር ለምትኖሩ፦ ጂቢ/ቲ (የቻይናው መስፈርት) ሶኬት ያለው መኪና ሲሲኤስ 2 ጣቢያ ላይ ሲቆም የሚገባው የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር መዳብ ብቻ አይደለም። ሲሲኤስ በፓይለቱ ሽቦ ላይ ሞደም ይጠቀማል፣ ጂቢ/ቲ ደግሞ ካን በሚባል ሌላ የዳታ መስመር ነው የሚያወራው። ስለዚህ አዳፕተሩ አስተርጓሚ ኮምፒውተር አለው፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ባትሪም አላቸው። ያ ባትሪ ሲሞት አዳፕተሩ አይነሣም፣ ሰውም «ጣቢያው አይሠራም» ብሎ ይሄዳል። በዩኤስቢ ሞልታችሁ ያዙት፣ ሶፍትዌሩንም አድሱ። የዝግታውን ሶኬት ደግሞ ባለ ሰባት ቀዳዳ ስለሆነ ከታይፕ 2 (ከአውሮፓው የዝግታ ሶኬት) ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ፤ የወንዴና የሴቴው ቦታ ተገለባብጧል።

መንገደኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ ልጨምር፦ ቻርጁ ቆሞ ፕለጉ ግን አልነቀል ቢልስ? አጠገቡ ያለውን ቀዩን አደጋ ማቆሚያ መጫን ይቻላል?

ፊውዝ፦

ቀዩን ተወው፤ ጭስ፣ እሳት ወይም የተጋለጠ ሽቦ ካላየህ በስተቀር አትንካው። ብዙ ማሽን ላይ ቀዩ ከተጫነ ቴክኒሻን ካልመጣ አይመለስም፣ የጎረቤትህንም ፕለግ ይዘጋል።

በሲሲኤስ 2 ቁልፉ ያለው በመኪናው ሶኬት ውስጥ ነው፣ የሚያዘውም መኪናው ነው። በመጀመሪያ ከስክሪኑ ወይም ከአፑ አቁም። ቮልቴጁ እስኪወርድ 20 ሰከንድ ያህል ጠብቅ። ከዚያ ፕለጉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ይዘህ መኪናውን ቆልፈህ ክፈተው። ስትጎትተው የቁልፉ ፒን ላይ ጫና ስለሚሆን ሞተሯ ልታወጣው አትችልም፤ መግፋቱ ለዚያ ነው። እምቢ ካለ ብዙ መኪኖች ከኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን ወይም ከቦኔቱ ሥር በእጅ የሚሳብ ገመድ አላቸው። ቦታውን ዛሬውኑ ከመጽሐፉ ፈልገህ እወቀው፤ በዝናብ ውስጥ አይፈለግም። ቻዴሞ (የጃፓኑ መስፈርት) እና የጂቢ/ቲ ፈጣኑ ግን ቁልፋቸው ፕለጉ ላይ ስለሆነ የሚለቀው ማሽኑ ነው።

ባለሞጁል፦

ሪፖርት ስታደርግ «አልሠራም» ብቻ አትጻፍ። የማሽኑ ባለቤት አንድ፣ ሶፍትዌሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ፣ አምራቹ ሦስተኛ፣ መስመሩ የመብራት ድርጅቱ ነው፤ ጉዳዩ በአራቱ መካከል ይንከራተታል። «አልሠራም» የሚል ቅሬታ ሲደርሰው የጥሪ ማዕከሉ ከርቀት ያጠፋና ያበራዋል፣ አረንጓዴ ሲሆን ጉዳዩን ይዘጋል። የማሽኑን ቁጥር፣ የትኛው ፕለግ እንደሆነ፣ ሰዓቱን በደቂቃ፣ ስክሪኑ የጻፈውን የስህተት ኮድ፣ «ቀጭ» ከማለቱ በፊት ይሁን በኋላ መቆሙን፣ የባትሪውን በመቶኛ ጻፍ። ፒኑ ከጠቆረ ፎቶ ጨምር። ሰዓቱ በተለይ አይቅር፤ ቴክኒሻኑ የማሽኑን ሎግ (የሥራ መዝገቡን) ከፍቶ ያንተን ሙከራ የሚያገኘው በሱ ነው፣ አሮጌው ሎግ ደግሞ በአዲስ እየተተካ ይጠፋል። በዚያው ቀን ላከው።