ጥያቄ፦ ጨረቃ ስትቀላ ስንት ሰከንድ ልስጣት? አንድ ካሜራና አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ አለኝ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2028 ለሚሆነው ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ከወዲሁ ልዘጋጅ ብዬ ነው። ገና ነው አትበሉኝ፤ ቀስ ብዬ መማር ነው የምወደው። ያለኝ ዕቃ ይሄው፦ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን ያለው ሰንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 18–55 እና 70–300 ሚሊ ሜትር ሌንሶች፣ ደህና ትራይፖድ፣ ባለ 130 ሚሊ ሜትር ኒውቶኒያን (በመስታወት የሚሠራ) ቴሌስኮፕ። የቴሌስኮፑ ፎካል ሌንግዝ 650 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተር የለውም፣ በእጅ ነው የሚገፋው።

ሙሉ ጨረቃን ማንሳት አይከብደኝም። ያስቸገረኝ ስትቀላ ያለው ነው። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ይላል፣ ሌላው 4 ሰከንድ፣ ሌላው ደግሞ 1/60። ማንን ልመን? ካሜራውን ቴሌስኮፑ ላይ ልግጠመው ወይስ 300ው ይበቃል? ያንን ጨረቃ ተደርድራ የምትታይበትን ፎቶም መሥራት ያምረኛል። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማድረግ ይቻላል?

ባለ ትራይፖድ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አይቻልም። አንድ ካሜራ አንድ ሥራ ነው የሚሠራው። ወይ ቀይዋን ጨረቃ ቀረብ አድርገሽ አንሺ፣ ወይ ድርድሩን ሥሪ። ሁለቱንም ላድርግ ያለ ሰው ሌንስ ሲቀያይር ግርዶሹ ያልቅበታል።

ቁጥሮቹ የማይገናኙት ሰዎቹ ስለዋሹ አይደለም። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ አይኤስኦ (ሰንሰሩ ለብርሃን ያለው ንቃት)፣ የራሱ አፐርቸር (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ፣ በኤፍ ቁጥር የሚነገረው)፣ የራሱ ግርዶሽ አለው። ሙሉ ጨረቃ ማለት ፀሐይ የመታው ድንጋይ ነው። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 ላይ 1/250 ሰከንድ ይበቃል። ጥላው ውስጥ ጠቅልላ ስትገባ ግን ብርሃኗ 10,000 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል።

የግርዶሹ ድምቀትም ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ላይ የሚደርሰው በምድር ዙሪያ አየሩን አልፎ የታጠፈ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተናል፣ ቀዩ ይቀራል። ከፍተኛው አየር ላይ የእሳተ ገሞራ ጭጋግ ካለ ቀዩም ይቀንሳል። የፊሊፒንሱ እሳተ ገሞራ ፒናቱቦ በጁን 1991 ከፈነዳ በኋላ የታየው የዲሴምበር 9 ቀን 1992 ግርዶሽ በጣም ጨለማ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዳንዦን ለዚህ ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አውጥቷል። 0 ጨረቃዋ የጠፋች እስኪመስል የጨለመ፣ 4 ደግሞ ደማቅ ብርቱካንማ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ከወራት በፊት ትክክለኛውን ሰከንድ ሊነግርሽ አይችልም።

መነሻ ግን ልስጥሽ። 300ው ላይ፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 1600፣ ከግማሽ እስከ 2 ሰከንድ። አንስተሽ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ (ግራ) እስከ ብሩህ (ቀኝ) የሚያሳየውን ግራፍ እዪ። ነጩን ሂስቶግራም ብቻ እንዳታዪ! ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ክፈቺ። ቀዩ ቀድሞ ነው የሚቃጠለው። ነጩ ገና መሃል ላይ ሆኖ ቀዩ ከቀኝ ጠርዝ ጋር ከተጋጨ ያ የሚያምረው ቀለም አለቀ፣ በኋላ በኤዲቲንግ አይመለስም። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) ደግሞ የቀን ብርሃን ላይ ይቀመጥ። አውቶ ካደረግሽው ካሜራው ቀዩን «ላስተካክልልሽ» ብሎ ያጠፋዋል።

የማታ ሰው፦

ባለ ትራይፖድ ያለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘሎታል። 2 ሰከንድ በ300 ያለ ሞተር? አይሆንም።

ሰማዩ በሰከንድ 15 አርክሰከንድ ይሸሻል (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 1/3600 ነው)። በአንቺ ካሜራ፣ በ300 ሌንስ፣ አንድ ፒክስል 2.7 አርክሰከንድ ያህል ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ በ1 ሰከንድ ውስጥ ጨረቃዋ ከ5 ፒክስል በላይ ትንሸራተታለች። በ2 ሰከንድ 11 ይሆናል። ትራይፖድሽ የብረት ምሰሶ ቢሆን እንኳ ምስሉ ይደበዝዛል። የኔ ምክር፦ አይኤስኦውን 3200 አድርገሽ ከ1/4 እስከ 1/2 ሰከንድ ውስጥ ቆዪ። ጫጫታው (አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ላይ የሚመጣው ነጠብጣብ) አያስፈራሽ። 20 እና 30 ፎቶ በተከታታይ አንስተሽ አውቶስታከርት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብትደራርቢያቸው አብዛኛው ይጠፋል።

ቴሌስኮፑን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ ተይው። በ650 ላይ ጨረቃዋ ሰንሰሩ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች፣ በ300 ደግሞ 2.7። ትልቅ ናት፣ እውነት ነው። ግን ሽሽቱም በሰከንድ 12 ፒክስል ይደርሳል። በእጅ እየገፋሽ ያንን አትቀድሚውም። በ300 ላይ እኮ ጨረቃዋ 680 ፒክስል ያህል ስፋት ይኖራታል። ለስክሪንም ለመካከለኛ ህትመትም ይበቃል።

ጀማሪዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር ቴሌስኮፑ ላይ ለመግጠም ሞክሬ ነበር፣ አስማሚ ቀለበቱ አለኝ። ፎከስ አልገባ አለኝ። ፎከሰሩን (ፎከስ የሚያስተካክለውን ቱቦ) እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ብከተውም አልደረሰም። ቴሌስኮፑ ተበላሽቶ ይሆን?

የማታ ሰው፦

አልተበላሸም። ብዙ ትንንሽ ኒውቶኒያኖች የተሠሩት ለዓይን ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ከፎከሰሩ ብዙም አይወጣም፤ የካሜራው ሰንሰር ደግሞ ገላው ውስጥ ጠልቆ ነው ያለው። አይገናኙም። ባርሎው የሚባለውን ምስል የሚያጎላ ሌንስ መሃል ብትጨምሪ ፎከሱ ይደርሳል። ነገር ግን ባለ 2 እጥፉ 650ውን 1,300 ያደርገዋል፣ ብርሃኑንም በአራት ይከፍለዋል። ለሙሉ ጨረቃ ግሩም ነው። ለቀይዋ ግን ያው ከላይ ያልኩት ችግር በእጥፍ ይመጣብሻል።

ጤዛ፦

ስለ ፎከስ ማንም አላነሳም፤ ፎቶ የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው።

አውቶፎከስ ጨለማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲዋኝ ያድራል። ስለዚህ ግርዶሹ ሳይጀምር፣ ጨረቃዋ ገና ሙሉ ሳለች፣ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ) 10 እጥፍ አጉልተሽ በጠርዟ ላይ በእጅ ፎከስ አድርጊ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አሽጊው። የዙሙንም ቀለበት አብረሽ አሽጊ፤ ሌንሱ ወደ ላይ ሲያይ አንዳንዱ ዙም በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። የሌንሱን የንዝረት መከላከያ አጥፊ። ሹተሩን በጣትሽ አትንኪው፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት ይሁን። አየሩ ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ስለሚሸሽ ጨረቃዋ ልትቀላ ስትል አንዴ ደግመሽ አረጋግጪ። በዚያ ሰዓት አካባቢዋ ያሉ ከዋክብት ብቅ ይላሉ፤ በኮከብ ፎከስ ማድረግ ደግሞ ከጨረቃ ጠርዝ ይቀላል።

እና ጤዛ! ስሜን ያገኘሁት ከእሱ ነው። ሌሊት ሰማይ ላይ የተደገነ ሌንስ ሳታውቂው ጉም ይለብሳል። ፎቶሽ «ግርዶሹ ጨለማ ነበር» ያስብልሻል እንጂ ጤዛ መሆኑ አይታወቅሽም። የሌንስ ኮፍያ አድርጊለት፤ የእጅ ማሞቂያ ከረጢትም ሌንሱ ላይ በላስቲክ እሰሪለት። በጨርቅ ለመጥረግ አትሞክሪ፣ ይብሳል። ባትሪ ሁለት ያዢ፤ ትርፉ ኪስሽ ውስጥ ይሙቅ።

ድርድር ወዳድ፦

እኔ ደግሞ ድርድሩን ምረጪ ባይ ነኝ። ቀይ ጨረቃን ቀረብ አድርጎ ያላነሳ የለም። ድርድር ግን ከቦታው ጋር ነው የሚነሳው፣ የማንንም አይመስልም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከከፊሉ ግርዶሽ መጀመሪያ እስከ ከፊሉ መጨረሻ ያንን ቀን 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚሄድ ጨረቃዋ 52 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። 18 ሚሊ ሜትሩ በአግድም ወደ 66 ዲግሪ ስለሚያይ ይበቃል፤ ግን መንገዷ ያጋደለ ከሆነ ፍሬሙን አስቀድመሽ ማሰብ አለብሽ። በስልክ ያሉት የሰማይ ካርታ አፖች የት ወጥታ የት እንደምትደርስ ያሳዩሻል። በየ5 ደቂቃው አንድ አንሺ። ከአንዷ ጨረቃ መሃል እስከ ቀጣይዋ መሃል ከስፋቷ ሁለት እጥፍ በላይ ርቀት ይኖራል። ትራይፖዱ ከተነካ አለቀ። መሬት ላይ ምልክት አድርጊ፣ ሰው እንዳይረግጠው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በ18 ሚሊ ሜትር እያንዳንዷ ጨረቃ 42 ፒክስል ብቻ ናት። ትንሽ ነጠብጣብ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በረጅም ሌንስ ያነሳትን አጉልቶ ሰፊው ፎቶ ላይ የሚለጥፈው።

የማታ ሰው፦

ያንን ነው የምጠላው። ጨረቃ ከዛፍ ትበልጣለች፣ ሰው ደግሞ እውነት ይመስለዋል።

ድርድር ወዳድ፦

ከሥሩ «ተቀናብሮ የተሠራ» ብሎ እስከጻፈ ድረስ እኔ ምንም አይመስለኝም። ሳይጽፍ ካለፈ ግን ካንተ ጋ ነኝ።

ቆጣሪ፦

ካሜራ ካሜራ አላችሁ እንጂ ቴሌስኮፑን ሥራ ፈት አደረጋችሁት። እህቴ፣ 130 ሚሊ ሜትር ለዓይን ግሩም ነው። የምድር ጥላ ጠርዝ በየጨረቃ ጉድጓዱ ላይ ሲያልፍ ሰዓቱን መዝግቢ። ግሪማልዲ ብዙውን ጊዜ ከቀዳሚዎቹ ነው፤ አሪስታርከስ፣ ኮፐርኒከስ፣ ፕላቶ፣ ታይኮ ሁሉም በቀላሉ ይለያሉ። ጥላው ጉድጓዱን ለሁለት የከፈለበትን ቅጽበት በስልክሽ ሰዓት ጻፊ። አማተሮች በዚህ መንገድ የሰበሰቡት መዝገብ የምድር ጥላ ከተራ ጂኦሜትሪ ስሌት 2 በመቶ ያህል ገዝፎ እንደሚታይ ያሳያል። ምክንያቱ አየራችን ነው።

ሙሉ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ የጥላውን ጠርዝ እዪ። ቀጭን፣ ሰማያዊ አረንጓዴ የመሰለ መስመር ሊታይሽ ይችላል። ከፍ ብሎ ያለው ኦዞን ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ካሜራም ይይዘዋል፤ ጨረቃዋ ሙሉ ጥላ ውስጥ እንደገባች ወይም ልትወጣ ስትል ፎቶሽን ጨምሪ።

ድምቀቷን መገመት ከፈለግሽ ባይኖኩላርን ገልብጠሽ በትልቁ በኩል እያት። ጨረቃዋ ኮከብ ታህላለች፤ ከሚታወቅ ደማቅ ኮከብ ጋር ማወዳደር ትችያለሽ። ሰው ያይሽና ይስቃል፣ ግን ይሠራል።

ለዓይን ማጣሪያ አያስፈልግም። ይሄ የፀሐይ ግርዶሽ አይደለም።

ስልክ ብቻ፦

ካሜራው ሥራ ላይ ሳለ ስልክሽ ቴሌስኮፑ ዓይን ላይ ይሁን። በእጅ መያዝ አይሆንም፣ ማቀፊያ ግዢ። ጨረቃዋን ነክተሽ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቺ። ከፊሉ ላይ በደንብ ይሠራል። ስትቀላ ቪዲዮ ሞክሪ፣ ብዙ ባትጠብቂም። ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 በነበረው ግርዶሽ አንድ ትንሽ የጠፈር ድንጋይ ጨረቃን ሲመታ የተፈጠረው ብልጭታ በብዙ አማተሮች ቪዲዮ ላይ ተገኝቷል። እየቀረጹ መሆናቸው ብቻ ነው የጠቀማቸው።

ጀማሪዋ፦

እሺ፣ ወስኛለሁ። ካሜራው ከ300 ጋር ለቀይዋ ጨረቃ፣ ቴሌስኮፑ ለዓይኔና ለስልኬ። ድርድሩን ለሚቀጥለው፤ በ2029 ሁለት ሙሉ ግርዶሽ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ቀይ ጨረቃ በየወሩ አትመጣም። እስከዚያ በምን ልለማመድ?

ባለ ትራይፖድ፦

አዎ፣ ጁን 26 እና ዲሴምበር 20፣ 2029። የጁኑ ሙሉ ክፍል 102 ደቂቃ ነው፤ የ2028ቱ 71 ደቂቃ። ለድርድር የጁኑ ይሻልሻል። ከዚያ በፊት ጁላይ 6 ቀን 2028 ከፊል ግርዶሽ አለ። አንቺ ካለሽበት ከታየ ብሩህና ጨለማ ክፍልን በአንድ ጊዜ መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እሱ ላይ እዪው። እዚያ ላይ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ለማሳየት አትድከሚ፣ ለብሩሁ አንድ፣ ለጨለማው አንድ አንሺ።

ለቀይዋ ልምምድ ግን በየወሩ የሚመጣ ነገር አለ። አዲስ ጨረቃ ከሆነች ከ3 እና 4 ቀን በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ ከቀጭኗ ማጭድ ጎን ያለው ጨለማ ክፍል ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከምድር ተንጸባርቆ የሄደ ብርሃን ነው። እሱን አንሺው። የሚፈልገው ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ከቀይዋ ጨረቃ ብዙም አይርቅም። ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 3200፣ ግማሽ ሰከንድ። ማጭዷ ትቃጠል፣ ግድ የለሽም። ጨለማው ክፍል ላይ ያሉት ጥቁር ሜዳዎች ጥርት ብለው ከወጡልሽ ፎከስሽም፣ ትራይፖድሽም፣ ሰከንድሽም ልክ ነው። ካልወጡ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ በሚቀጥለው ወር ድገሚው።

ጤዛ፦

ያን ምሽት ፕላስተሩንም ይዘሽ ውጪ። ቀለበት ማሸግም ልምምድ ይፈልጋል።