«ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብዎት» — አማርኛው ነው የተጣላው ወይስ ደሙ?

ወለተ ሸዋ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኛል። ሐኪሙ አክስቴን «ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብዎት» አላቸው። እሳቸው 64 ዓመታቸው ነው፤ ቀልድ አያውቁም። «ወይ በዝቷል ይበለኝ ወይ አንሷል፣ ሁለቱንማ ውሸት ነው» ብለው ክኒኑን አልውጥም አሉ። ይባስ ብሎ የበዛውን በዋግምት ላስወጣ እያሉ ነው። የላብራቶሪው ወረቀት ሄሞግሎቢን 9.4 ይላል። የኔ ጥያቄ የቋንቋ ነው። «ማነስ» ሲባል ያነሰው ምኑ ነው? እሳቸው በሚገባቸው አማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ልበላቸው?

ቅኔ ቀማሽ፦
አክስትሽ ልክ ናቸው። በዛና አነሰ ተቃራኒ ነው፣ አለቀ። አማርኛውን ያበላሹት ሐኪሞቹ ናቸው። እኔ ሲያንስ እንጂ ሲበዛ ያላየሁት ደመወዝን ብቻ ነው።

ማይክሮስኮፕ፦
ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የተጋጨው ስሙ እንጂ ነገሩ አይደለም። ደም ብዛት የምንለው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ መጠኑን አይነካም። ደም ማነስም ቢሆን በሊትር አይለካም። ያነሰው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ተሸካሚው እሱ ነው፣ ያለ ብረት ደግሞ አይሠራም። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ደም ማነስ ይባላል። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ሊወልድ ይችላል። ደም ብዛት ብዙ ዓመት ሲቆይ ኩላሊት ይጎዳል። መቅኔው ቀይ ሴል እንዲያመርት የሚያዘው ሆርሞን፣ ኤሪትሮፖይቲን፣ የሚመጣው በአብዛኛው ከኩላሊት ነው። ወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ ሴሎቹ አማካይ መጠን፣ የሚል አለ? ዋግምቱን ግን በአደራ አስተዪያቸው። 9.4 ላይ ሆኖ ደም አይፈስም።

ወለተ ሸዋ፦
አመሰግናለሁ። ኤምሲቪ 71።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ዋግምትን ካነሳችሁ አይቀር መልሱ እዚያው ነው። ድሮ ራሱን የሚያመው፣ ፊቱ የሚቀላ ሰው «ደሙ በዝቶበታል» ተብሎ ይታገም ነበር። የመለኪያው መሣሪያ ሲመጣ ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። «የደም ግፊት» የሚለው የትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ደም ደግሞ ከግእዙ ጀምሮ ቀለምንም ይዟል። «ደመቀ» የሚለው ግስ ራሱ ከደም የወጣ ነው።

ቅኔ ቀማሽ፦
የዋግምቷን እቀበላለሁ። «ደመቀ»ን ግን አልቀበልም። እንዲህ ከሆነ ደመናም፣ ደመራም፣ ድመትም ደም ናቸው። «ቀ» ከየት መጣች?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ጉባኤ ቤት ያልዋለ ሰው ስለ «ቀ» አይጠይቀኝም።

ቅኔ ቀማሽ፦
ስምህ ላይ «ነኝ ባይ» የሚለውን ራስህ ነህ የጻፍከው።

ማይክሮስኮፕ፦
ወለተ ሸዋ፣ ኤምሲቪ ከ80 በታች ሲሆን ሴሎቹ ትንንሽ ናቸው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው። ከ100 በላይ ቢሆን የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት እንል ነበር። ፌሪቲን የሚባለውን፣ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ምርመራ ያሠሩ። በእሳቸው ዕድሜ ብረት ካነሰ ደግሞ እንክብል ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፤ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚደማ ነገር እንዳለ መታየት አለበት። ስላይድ ላይ ደሙን ብታዪው ነገሩ በዓይን ይታያል። ጤነኛ ቀይ ሴል መሃሉ ትንሽ ነጣ ይላል። ብረት ሲያጣ ያ ነጩ እየሰፋ ሄዶ ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ቀለበት ብቻ ይቀራል።

የደባርቋ፦
እኛ ዘንድ ለዚህ ቆንጆ ቃል አለ፣ ደም ግባት። ልጅ ሲገረጣ «ደም ግባቱ ጠፋ» ይባላል። ደም ወደ ፊት ገባ፣ ደም ከፊት ወጣ። ማነስ ከማለት አይሻልም?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ኢሳይያስ 53፥2 ክፈቺ። «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም።» ነቢዩ ስለ ሄሞግሎቢን ነው የሚናገረው? ደም ግባት መወደድና ለዛ ነው። ሰው ገርጥቶም ደም ግባት ይኖረዋል።

የደባርቋ፦
መወደዱ ከየት መጣ ታዲያ? ከፊቱ ወዝ አይደለም? መጀመሪያ ደሙ፣ ቀጥሎ ውበቱ።

ማይክሮስኮፕ፦
ፊት አያስተማምንም፣ በተለይ ጠይም ፊት። ሐኪም የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርጎ ውስጡን፣ መዳፍንም ጭምር የሚያየው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ያስጠረጥራል እንጂ ቁጥሩን አይተካም።

ቅኔ ቀማሽ፦
እንግዲያው «ዓይን ግባት» በሉት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው ሲባል ነው ያደግኩት። ቁጥሩ ለደጋ ሰው ይለያል እንዴ?

ማይክሮስኮፕ፦
ከፍታ ሲጨምር ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር መለኪያው በከፍታ ይስተካከላል። የኛ ደገኞች ግን ተመራማሪዎችን አስገርመዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2002 የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ የወንዶቹን አማካይ 15.9፣ የሴቶቹን 15.0 ነው ያገኘው። ቆላ ካለ ሰው ብዙም አይርቅም። የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ግን በእንዲህ ያለ ከፍታ በግልጽ ይወፍራል። በቃሉ ካየነው እውነተኛው ደም ብዛት የእነሱ ነው።

የደባርቋ፦
ሰሜን ተራሮች ማለት እኛ ነን! ደም ግባታችን በጥናት ተረጋገጠ።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
አሁንም ደም ግባት አይደለም አልኩ። «ግባት» ራሱ «ገባ» ከሚለው ነው ያለው ማነው? ማስረጃ አምጪ።

ወለተ ሸዋ፦
ወገኖቼ፣ አክስቴ ዋግምቱን ለቅዳሜ ቀጥረዋል። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገርስ?

ቅኔ ቀማሽ፦
«የሚገፋው በርትቷል፣ የሚሸከመው ደክሟል» በያቸው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
«በርትቷል» እዚህ አይገባም። በረታ ለምስጋና ነው፣ ለበሽታ «ጸና» ነው የሚባለው።

የደባርቋ፦
ራስ ምታቱ በረታብኝ ብለህ አታውቅም?

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
እኔ ራሴን አሞኝ አያውቅም።