ስልኬን ከራስጌዬ ማራቅ አቃተኝ፤ የተሳካላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

የማለዳ ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ትራሴ ሥር ስልክ ይፈልጋል። የማነሣው ሰዓት ለማየት ነው። ከዚያ አንድ መልእክት፣ ከዚያ አንድ ቪዲዮ እያልኩ ቀና ስል 40 ደቂቃ ሄዷል። ማታም ያው ነው። ልጄን አስተኝቼ፣ ሥራዬን ጨርሼ፣ «አሁን ትንሽ ልረፍ» ብዬ ስልኬን ይዤ እጋደማለሁ። ግን አላርፍም። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል፣ አንገቴ ይደርቃል። ካየሁት ሁሉ አንዱን እንኳ በቅጡ አላስታውስም።

አንድ ነገር ባላስተውል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የ6 ዓመት ልጄ ወሬ ከመጀመሯ በፊት ሦስት ጊዜ «እማ» ትላለች። «እማ፣ እማ፣ እማ።» በመጀመሪያው «ወዬ» ብላትም ሁለቱን ትጨምራለች። አባቷን ግን አንዴ ብቻ ነው የምትጠራው። ነገሩ ሲገባኝ ሆዴ ባባ። ሦስት ጊዜ ካልጠራችኝ እንደማልሰማት ለምዳዋለች ማለት ነው።

ያልሞከርኩት የለም። አፖቹን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ጫንኩ። በቀን 30 ደቂቃ ብዬ ገደብ አደረግኩ። ሰዓቱ ሲሞላ «ተጨማሪ 15 ደቂቃ» የሚል ይመጣል፣ ሳላስበው እጫነዋለሁ። ዝግት አድርጌ እንዳልተወው ደግሞ ደንበኞቼ የሚያገኙኝ በስልክ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮ ሰዓት፦

እህቴ አይዞሽ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ከስልኩ በፊት ቻርጀሩን አንሺው። ቻርጀሩ ራስጌሽ እስካለ ድረስ ስልኩ ማታ ማታ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ ሰኪውና እዚያው ይደር። መኝታ ቤት ውስጥ ትርፍ ቻርጀር እንዳይኖር።

ለመነሻ ደግሞ ደወል ያለው ተራ የጠረጴዛ ሰዓት አስቀምጪ። «ሰዓት ልይ» የምትዪው ነገር እዚያው ያልቅልሻል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እጄ ትራሱ ሥር ይፈልግ ነበር። ባዶ ሲያገኝ ግን ነቃ እልና መልሼ እተኛለሁ።

ሌሊት የሚደውል ቤተሰብ ያሳስብሽ ይሆናል። «አትረብሹኝ» የሚለውን ስታበሪ የመረጥሻቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። የእናቴ ስልክ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስለምተወው ከኮሪደርም ይሰማኛል።

ኮድ ጸሐፊው፦

አፕ መሥራት እንጀራዬ ነው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርሽ። ራስሽን ብዙ አትውቀሺ። ድሮ ድረ ገጽ መጨረሻ ነበረው። ታች ስትደርሺ «ቀጣይ» የሚለውን ትጫኛለሽ። ያቺ አንዲት ጭነት «ይብቃኝ ወይስ ልቀጥል?» የምትዪባት ቦታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሠራ፤ ገጹ ራሱን እየጨመረ ይሄዳል። ሰውየው ኋላ ላይ በሠራው ነገር እንደሚጸጸት በአደባባይ ተናግሯል።

ስለዚህ የጠፋውን ማቆሚያ አንቺ መልሰሽ ማስገባት አለብሽ። ቪዲዮ ራሱ ተከትሎ እንዳይከፈት አጥፊው። ኖቲፊኬሽን ሰው ሲጽፍልሽና ሲደውልልሽ ብቻ ይምጣ፣ «ይህን አይተሻል?» የሚለውን ሁሉ ዝጊው። የደንበኞችሽ መልእክት አይነካም። የሰዓት ገደቡን የይለፍ ቁጥር ደግሞ ባለቤትሽ ያስገባው፣ አንቺ አትወቂው። ያኔ «ተጨማሪ 15 ደቂቃ» በዋዛ አይገኝም። እኔን በጣም የረዳኝ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ቀለሙ ሲጠፋ ቪዲዮው ሁሉ ይደበዝዝና እጅሽ ራሱ ይሰለቻል።

ብሌን፦

እኔ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለ መቆጥቆጡ ብቻ ልበል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። ስለዚህ ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለሽ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እዪ፣ አውቀሽም አርገብግቢ። ቢቀጥል ግን መታየት አለብሽ።

የማለዳ ጤዛ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ቻርጀሩ ኮሪደር ላይ ነው። የሠራው እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ። ጥቁርና ነጩን ግን የደንበኛ ፎቶ ቀለም ማየት ስላለብኝ በአራተኛው ቀን ተውኩት። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ስልኩን ይዤ ገብቼ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አመሸሁ። ጠዋት ላይ «በቃ፣ አልሆነልኝም» ብዬ ነበር።

የድሮ ሰዓት፦

አንድ ቀን መሳት ያለፈውን አያፈርስም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አዲስ ልማድ ያለ ሐሳብ የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ብዙ እንዳልጎዳ አይተዋል። አንቺ ገና 21ኛ ቀንሽ ነው። ልጅሽስ እንዴት ናት?

የማለዳ ጤዛ፦

አሁን በመጀመሪያው «እማ» ስልኩን አስቀምጬ ወደ እሷ እዞራለሁ። እሷ ዓይን ዓይኔን እያየች ሁለቱን ትጨምራለች። ሦስቱንም እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ።